ስለ ዲስኮች ማኅበርና ስለ መዝገቡ መታወክ

ከእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ ወንዶቹ ሸማ ሲሸምኑና ብረት ሲቀጠቅጡ በኖሩበት ሰፈር፣ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም የቁጠባ ማኅበሩም መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ካዛወረ ወዲህ፣ ባለጉዳይ በመስኮት በኩል ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ሆኗል። ይህን የሰማ ሰው መብራት የሄደ ወይም ኔትወርክ የተቋረጠ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው። ነገር ግን መብራቱ ተመልሶ፣ ኔትወርኩም ተቃንቶ ሳለ ያው መልስ የሚደጋገም እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ በጓዳ በተቀመጠው ሰርቨር ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላልና፣ ጠባዩን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ሃርድ ዲስክ በባሕርዩ የሚያውቀው ተራ ቁጥር የተሰጣቸውን እልፍ አእላፋት ክፍሎች ብቻ ነው፤ በየክፍሉ የተማሪ ውጤት ይጻፍ ወይም የሕሙማን ካርድ፣ ለእርሱ ሁሉም አንድ ነው። ይህ ክፍል ተይዟል፣ ያኛው ባዶ ነው፣ ይህ ፋይል በእነዚህ ክፍሎች ተጽፏል እያለ ለሁሉም ቦታውን የሚደነግገው ፋይል ሲስተም የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና በሚሠሩ ሰርቨሮች ዘንድ በብዛት የተለመደው ኢኤክስቲ 4 እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ጸንቶ በአገልግሎት ላይ የዋለ ነው። ከሥርዓቱ ራስጌ ሱፐርብሎክ የተባለ ጠቅላላ መግለጫ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የተባለ የግል መዝገብ አለው፤ ባዶውን ከተያዘው የሚለይ ሰሌዳም ለብቻው አለ። ታዲያ ፋይል ሲስተም ታወከ፣ ወይም ባለሙያዎቹ እንደሚሉት «ኮራፕት አደረገ» የሚባለው እነዚህ መዛግብት እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ነው፤ ሁለት ፋይሎች አንዱን ክፍል የእኔ ነው የእኔ ነው ሲሉ፣ ሰሌዳው ባዶ ነው ያለው ቦታ ተይዞ ሲገኝ፣ በማውጫው የሚጠራው ፋይል ስሙ ብቻ ቀርቶ አካሉ ሲጠፋ።

አንድ ፋይል መጻፍ ለተመልካች የቅጽበት ሥራ ቢመስልም፣ ጽሑፉን፣ አይኖዱን፣ ሰሌዳውንና ማውጫውን በየተራ ማደስ ስለ ሆነ፣ በመካከሉ መብራት ቢሄድ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ጆርናል የሚባል ብልሃት አለ፤ ሥርዓቱ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በአንድ ጥግ ይጽፋል፤ ማሽኑም ዳግመኛ ሲነሣ ያንን አንብቦ የተቋረጠውን ይፈጽማል። ስለዚህ በሚገባ የተሰናዳ ሰርቨር መብራት ስለ ሄደ ብቻ ሊታወክ አይገባውም፤ በእኔ ግምት መብራት ከድርሻው በላይ የሚወቀስ ነገር ነው። ጆርናል ግን ዲስኩን አምኖ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ዲስኩ ጽሑፉን ገና በጊዜያዊ መያዣው ይዞ ሳለ «ጽፌአለሁ» ብሎ ከዋሸ፣ ወይም ራም የሚባለው የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ተበላሽቶ አንዱን አኃዝ በሌላ ከለወጠ፣ የተሳሳተው ቃል እንደ ትክክለኛ ተቆጥሮ ያልፋል።

ዲስክ ደግሞ ሟች ነው። ይህን ያወቁ ሦስት የበርክሊ ሊቃውንት፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ፣ አንድ ውድና ግዙፍ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን በማኅበር አስተሳስሮ እንደ አንድ ማሠራት እንደሚሻል የሚያስረዳ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1988 አወጡ፤ ሬይድ የሚለው ስም በዚያ ጽሑፍ የታወቀ ነው። ሬይድ 1 የሚባለው ሥርዓት አንዱን ቃል በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። ሬይድ 5 ግን በሒሳብ ይረዳል፤ በአንደኛው ዲስክ 5፣ በሁለተኛው 7 ቢጻፍ በሦስተኛው ድምሩ 12 ይጻፋል፤ 5 የተጻፈበት ዲስክ ቢሞት ከ12 ላይ 7 ተቀንሶ የጠፋው ይገኛል። ማሽኑ የሚሠራበት ሒሳብ ከመደመር ለየት ቢልም ምሥጢሩ ይኸው ነው። ይህን ማኅበር በልዩ ካርድ ማስተዳደር ይቻላል፤ ሊኑክስ ግን ካርድ ሳያሻው በሶፍትዌር ብቻ ያስተዳድረዋል፤ ማስተዳደሪያውም ኒል ብራውን የደረሰው ኤምዲአድም ነው። እኔ ለአገራችን የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ካርዱ የተቃጠለበት ሰው ያንኑ ዓይነት ካርድ ፍለጋ ሲንከራተት፣ በሶፍትዌር የተደራጁ ዲስኮች ግን ተነቅለው ሌላ ማናቸውም ሊኑክስ ባለው ማሽን ላይ ቢሰኩ ማኅበራቸውን መልሰው ሊያቆሙ ይችላሉና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሬይድ የብራናው ማኅደር ነው፤ ማኅደሩ መጽሐፉን ከዝናብና ከአቧራ ይጠብቀዋል፣ ጸሐፊው የገደፈውን ፊደል ግን አያርምም። ፋይል ሲስተሙ ከታወከ ሁከቱ በሁለቱም ዲስኮች ላይ በታላቅ ታማኝነት ይገለበጣል፤ በስሕተት የተደመሰሰ ፋይልም ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይደመሰሳል። ይልቁንም ሬይድ ራሱ የሁከት ምንጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሬይድ 1 ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ክፍል ላይ ቢለያዩ፣ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ንባቡን ለሁለቱ ያካፍላልና አንድ ጊዜ ከደኅናው፣ ሌላ ጊዜ ከተሳሳተው ያነብባል። በዚህ ምክንያት ፋይል ሲስተሙን የሚመረምረው ፕሮግራም ዛሬ ያገኘውን ጉድለት ነገ ሳያገኘው፣ ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ሲያገኝ፣ ጥገና የሚሠራው ሰው ግራ ይጋባል። «ጠግን» የሚለው የማኅበሩ ትእዛዝም ቢሰጥ፣ ከሁለቱ አንዱን በሌላው ላይ ይገለብጣል እንጂ እውነቱን አይመረምርም። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ዜድኤፍኤስ ለየክፍሉ የማረጋገጫ ቁጥር እያኖረ ይህን ችግር ፈትቶታል፤ ተራው ሬይድ ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም።

ከሁሉ የከፋው ጊዜው ያለፈበት ዲስክ ተመልሶ ወደ ማኅበሩ ሲገባ ነው። እንበልና በአንድ የቀጨኔ ትምህርት ቤት ሰርቨር ላይ ካሉት ሁለት ዲስኮች አንዱ ኬብሉ ላልቶ በመስከረም ወር ከማኅበሩ ወጣ፤ ሁለተኛው ብቻውን ሥራውን ስለ ቀጠለ ማንም ልብ አላለም፤ ጥንካሬው ነውሩን ሸፈነለት ማለት ነው። በጥር አንድ ማለዳ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሲሠራ የኖረው ዲስክ መነሣት አቃተው፤ የላላው ግን በንቅናቄው ተገናኝቶ ብቻውን ተነሣ። ማሽኑም በሰላም ተከፈተ። ነገር ግን የተከፈተው የመስከረሙ መዝገብ ነው፤ የአንደኛው መንፈቅ ፈተና ውጤት በሙሉ እንዳልነበረ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መዝጋቢው አዳዲስ ስሞች መዝግቦ ከዋለ በኋላ እስከ ጥር ሲሠራ የኖረው ዲስክ ቢነቃ፣ ሁለቱም «እውነተኛው እኔ ነኝ» የሚሉ ባላንጣዎች ይሆናሉ፤ በግድ አንድ ላይ እንዲቆሙ የተደረገ እንደ ሆነም አሮጌውና አዲሱ ተቀላቅሎ ፋይል ሲስተሙ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ዲስክ በራሱ ላይ የሚይዘው የክንውን ቁጥርና የመጨረሻው መታደሻ ሰዓት አለ፤ ኤምዲአድም እንዲመረምር ሲታዘዝ ይህን ያሳያል፤ ፍርድ መሰጠት ያለበትም ሁለቱ ጎን ለጎን ከተነበቡ በኋላ ነው።

ስለዚህ የሰርቨሩ ሐኪም፣ ማለትም ጠጋኙ፣ በሽታውን የሚፈልገው ከታች ወደ ላይ ነው። አስቀድሞ መጻፍን ያቆማል፤ ፋይል ሲስተሙ በራሱ ለንባብ ብቻ ካልሆነ እርሱ ያደርገዋል። ቀጥሎ የሊኑክስ እምብርት የሆነውን የከርነሉን መዝገብ ያነብባል፤ ቅሬታው ከዲስኩ ነው ወይስ ከፋይል ሲስተሙ ብቻ? ኤምዲስታት የተባለው ፋይል ከማኅበሩ የጎደለ አባል ካለ በሰረዝ ያመለክተዋል። ስማርት የሚባለው የዲስኩ የጤና ካርድም ይነበባል፤ ሊነበቡ ያልቻሉ ክፍሎች የሚጠባበቁበት ቁጥር ከፍ ካለ ዲስኩ ታሟል፤ የመተላለፊያ ስሕተት የሚቈጥረው ብቻ ከጨመረ ግን ዲስኩ ደኅና ሆኖ ኬብሉ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይገኝ ሁከቱ ከተደጋገመ ራሙን በሜምቴስት አንድ ሌሊት ሙሉ መፈተን ያስፈልጋል፤ በተበላሸ ራም ላይ የሚደረግ ጥገና ራሱ አዲስ ጥፋት ይጽፋልና። ለተራ ዴስክቶፕ ተብለው የሚሸጡ ዲስኮችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ አንድ ክፍል ማንበብ ሲያቅታቸው ደቂቃዎች እስኪያልፉ ድረስ ሊታገሉ ይችላሉ፤ ሊኑክስ ግን በልማዱ 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ስለሚቈርጥ ያልሞተውን ዲስክ ከማኅበሩ ያስወጣዋል። መፍትሔው ከሁለቱ የአንዱን የትዕግሥት ልክ ማስተካከል ነው።

ዲስኩ በእውነት ከታመመ ሁሉንም ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል፤ ለዚህ የተዘጋጀው ዲዲሬስኪው ደኅናውን ክፍል አስቀድሞ ያወጣል፣ የታመመውንም ወደ ኋላ ተመልሶ በትዕግሥት ይሞክራል። ማኅበሩን መልሶ ለማቆም «ሰብስብ» የሚለው ትእዛዝ እንጂ «ፍጠር» የሚለው አይሰጥም፤ «ፍጠር» በዲስኮቹ ላይ ያለውን የማኅበር ጽሑፍ ይደመስሳል፤ የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ከተሳሳተም የመልሶ ግንባታው ሥራ ውስጡን ያጠፋዋል። ኤፍ ኤስ ቼክ የተባለው መርማሪ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ እርሱም ፋይል ሲስተሙ ሥራ ላይ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ «ንገረኝ፣ አትንካ» በሚለው ዘዴ። ስንት ሰው ነው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ጀምሮ ለሚጠይቀው ሁሉ «አዎ፣ አዎ» እያለ የሚመልስ! ሱፐርብሎኩ የጠፋ እንደ ሆነ ተስፋ መቁረጥ አያሻም፤ ኢኤክስቲ 4 ቅጂዎቹን በየርቀቱ ያኖራል፤ ክፍሉ 4096 ባይት በሆነበት ፋይል ሲስተም የመጀመሪያው ቅጂ በ32768ኛው ክፍል ይገኛል። ባለቤታቸው ያልታወቀ ፋይሎች «ጠፍተው የተገኙ» በተባለ ማውጫ ውስጥ ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ይቀመጣሉ፤ እነርሱን እየከፈቱ ስም መስጠት የሳምንታት ሥራ ነው።

ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባክአፕ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይሠራል፤ የሌለው ግን እየተንቀጠቀጠ። ቅጂን በብዙ ቦታ የማኖር ጥቅም በብራናዎቻችንም ታይቷል፤ መጽሐፈ ሄኖክ በግሪክና በአራማይክ ተቆራርጦ ሲቀር በግእዝ ሙሉውን የተገኘው በየገዳማቱና በየአድባራቱ እየተገለበጠ በመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ የግእዝ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም አገሩን ከለቀቀ በኋላ እዚያው ሆኖ ዝርዝራቸውን ማዘጋጀት የቻለው በዚህ ነው። የቀጨኔው ትምህርት ቤት እንዲህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ማታ ማታ የሚገለበጥ አንድ የውጭ ዲስክ ከሰርቨሩ ክፍል ወጥቶ በሌላ ሕንፃ ቢያድር ይበቃዋል፤ በመንፈቅ አንድ ጊዜም ከእርሱ ላይ አንድ መዝገብ መልሶ ማውጣት እንደሚቻል ቢፈተን።

ዲስኮቹንም በየወሩ ዳር እስከ ዳር ማስነበብ ልማድ ነው፤ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ እንዲጀምር ሆኖ ይመጣል። በመስከረም የወጣውን ዲስክ በመስከረም ለማወቅ ደግሞ ኤምዲአድም ማኅበሩን እየተከታተለ አባል ሲጎድል የኢሜይል ደብዳቤ የሚልክበት አሠራር አለው፤ ነገር ግን አድራሻ ካልተሰጠው ደብዳቤው ማንም በማይከፍተው የማሽኑ የራሱ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል፤ አድራሻው በአንድ መስመር ይጻፋል፣ መድረሱንም ለማረጋገጥ የሙከራ ደብዳቤ ላክ የሚል ትእዛዝ አለ።