ከቀበሌው የራቀ መራጭ፦ አስፈጻሚው ምን ይላል?

ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ከባሕር ማዶ ጋር ጥንታዊ ትውውቅ አላት። በ2009 ዓ.ም ይፋ የሆነው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና ከህንድ፣ ከቻይናና ከግብፅ የመጡ ዕቃዎችን አውጥቷል። ዛሬም ከምሥራቁ አገር ሰው ለሥራ ጅቡቲና ሳዑዲ ይሄዳል፤ ለውትድርናም ከቤቱ ርቆ ይሰፍራል። ምርጫ ሲደርስ የእነዚህ ሰዎች ድምፅ ወዴት ይገባል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት ለዜጋ ሁሉ ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ግን ለምዝገባ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ለሠራዊት ካምፕ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ ምርጫ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቅዷል። ውጭ አገር ላለው ዜጋ ግን በስድስተኛው ምርጫ በኤምባሲ የተቀመጠ ኮሮጆ አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድሬዳዋ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ስትሰጥ፣ ጅዳ ያለው የድሬ ልጅ ከዜና በቀር ድርሻ አልነበረውም።

አይቻልም እንዳንል ጎረቤት ሐረር አለች። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤን 14 አባላት መምረጥ ይችላሉ ወይ የሚለው ክርክር በ2013 ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለእነሱ ተፈረደ፤ የክልሉ ምርጫም መስከረም 20 ቀን 2014 ተካሄደ። ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 1985 የኤርትራ ሪፈረንደም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች የነጻነት ድምፅ ሰጥተዋል፤ የታጋዮች ድምፅ ለብቻው ተቆጥሯል፤ በሱዳንና በሌሎች አገሮች ያሉትም ድምፅ ሰጥተዋል። አዲስ በሚመሠረት አገር የተቻለ ነገር ለነባሩ አገር ከባድ ሊሆን አይገባም ባይ ነኝ።

በዚህ ረገድ የተጠራቀመ ዕውቀት ያላት አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የወታደሮችንና የውጭ ነዋሪዎችን ድምፅ በሕግ አስጠበቀች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ከምርጫው 45 ቀን በፊት እንዲላክ አዘዘች። ከሁሉ የሚልቀው ግን ከምርጫ በኋላ የአካባቢ የምርጫ ኃላፊዎች መጠየቃቸው ነው። ስንት ወረቀት ላካችሁ? ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ ዘግይቶ ደረሰ፣ ስንቱ ፊርማ ጎድሎት ወደቀ? አድራሻ ተሳስቶ የተመለሰውስ? መራጩ ወረቀቱን መላኩን ያውቃል፤ የት እንደቀረ ግን ሁልጊዜ ላያውቅ ይችላል። እሱን የሚያውቀው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ነው።

የእኛም ጠረጴዛ እንዲሁ ነው። የምርጫ አስፈጻሚው መታወቂያ ይቀበላል፣ ስም በመዝገብ ያሰፍራል፣ የመራጭነት ካርድ ይሰጣል፤ በድምፅ መስጫው ዕለት ጣት ቀለም ይቀባል። «ልጄ ጅቡቲ ነው፣ ካርዱን እኔ ልውሰድለት» ብላ የምትመጣን እናት የሚመልሳት እሱ ነው። ስንቷን እንደመለሰ የሚያውቀውም እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ እንደ ሐርላ ባሉ የገጠር ጣቢያዎችና በካምፑ ልዩ ጣቢያ የሠሩትን አስፈጻሚዎች ማን ሳይመዘገብ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ፣ ምን ቢኖር ይመዘገብ እንደነበር መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ውጤቱም ለውጭ አገር ድምፅ ሕግ ለሚያረቅ ሰው የመጀመሪያው መረጃ ይሆነዋል።