የመዋኛ ገንዳ ውሃ ፒኤች

የመዋኛ ገንዳ ውሃ ፒኤች የገንዳው ውሃ ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳይ ልኬት ነው። በክሎሪን ለሚታከም ገንዳ የሚመከረው ልኬት ከ7.2 እስከ 7.8 ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ፒኤቹ ካልተስተካከለ ክሎሪኑ ጀርሞችን የመግደል አቅሙ ሊዳከም ይችላል።

መለኪያው

የፒኤችን መለኪያ በ1909 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል። 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ፣ በላይ ያለው ደግሞ አልካላይን ነው። የአንድ ቁጥር ልዩነት በሃይድሮጅን አዮን ክምችት የ10 እጥፍ ለውጥን ያመለክታል።

ፒኤች እና ክሎሪን

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ እና ሃይፖክሎራይት አዮን ይፈጠራሉ። ጀርም በመግደል የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ይበረታል። ማረጋጊያ ኬሚካል በሌለበት ውሃ ፒኤቹ 7.5 አካባቢ ሲሆን የሁለቱ መጠን እኩል ገደማ ነው፤ 8 ሲደርስ ግን የሃይፖክሎረስ አሲድ ድርሻ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በቂ ክሎሪን ያለበት ገንዳም በደንብ ላይጸዳ ይችላል።

ከፍተኛ ፒኤች በተጨማሪ ውሃውን ያደፈርሳል፣ በግድግዳና በቧንቧ ላይም የካልሲየም ቅርፊት ያስከትላል። ዝቅተኛ ፒኤች ደግሞ ብረትን ይበላል፣ ዓይንንም ያቃጥላል።

አለካክ

የተለመደው ዘዴ ፌኖል ሬድ የተባለ ጠቋሚ ቀለም ነው። በአሲዳማ ውሃ ቢጫ፣ በአልካላይን ውሃ ቀይ ይሆናል።

1. ንጹህ ዕቃ በገንዳው ውሃ ይለቀለቃል።
2. ውሃ ከሚገባበት ቀዳዳ ርቆ፣ ክንድ እስከ ክርን በሚጠልቅበት ጥልቀት ናሙና ይቀዳል።
3. በመመሪያው ልክ ጠቋሚው ይጨመርና ይደባለቃል። ላብ ውጤቱን ስለሚያዛባ ዕቃው በጣት ሳይሆን በክዳን ይዘጋል።
4. ቀለሙ በነጭ መደብ ላይ ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር ይነጻጸራል።

ክሎሪን እጅግ ከበዛ የጠቋሚውን ቀለም ስለሚለውጥ ውጤቱ አይታመንም። በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ለመጠቀም መሣሪያውን አስቀድሞ ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች ማስተካከል ያስፈልጋል።

ማስተካከል

ፒኤችን ለመጨመር ሶዲየም ካርቦኔት፣ ለመቀነስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወይም ሶዲየም ባይሰልፌት ይጨመራል። ኬሚካሉ በጥቂት በጥቂቱ ተጨምሮ ውሃው ከተዘዋወረ በኋላ እንደገና ይለካል። አሲድ የሚጨመረው በውሃ ላይ እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይደለም። አሲድና የክሎሪን ኬሚካል በቀጥታ ከተደባለቁ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ፈጽሞ አንድ ላይ መቀመጥም ሆነ መደባለቅ የለባቸውም።