ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር፦ እውነት ወይስ ተረት?

በእኛ አነጋገር «ባትሪ» ማለት መብራቱ ነበር፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ»። ድንጋዩ ሲደክም በጥርስ ነከስ ነከስ ማድረግ፣ ወይም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስመታት፣ ከዚያ አንድ ማታ ማብራት ነው። ያን ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው። የዚያ ድንጋይ ክፋቱ ቢበዛ ፈሳሹን አንጠባጥቦ ባትሪውን ማዛግ ነበር። ዛሬ በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ በኃይለኛ የእጅ ባትሪ፣ በአንዳንድ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ሆድ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ፍጡር ነው። መልኩ የድሮውን ስለሚመስል የድሮው ልማድና ተረት ሁሉ ተከትሎት መጥቷል።

መጠሪያው 18650 ነው። ምሥጢር የለውም፤ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ድቡልቡል መሆኑን ትናገራለች። ወፈር ያለው ወንድሙ 21700 በዚሁ ስሌት 21 በ70 ነው። ዓይነቱ ሊቲየም አዮን ነው፤ ይህን ዓይነት ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሶኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991። ለዚህ ባትሪ መንገድ የጠረጉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የቴስላ መኪና፣ ሮድስተር፣ 6831 ያህሉን ደርድሮ ነበር የሚነዳው። ይህን መኪና ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። እነዚህ ባትሪዎች ሲሠሩ የታሰበላቸው ቦታ እንዲህ ያለው ነው፤ በማኅበር ታሽገው፣ ኤሌክትሮኒክስ እየጠበቃቸው፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው። በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲንኳኩ መዋል ከፋብሪካው ሐሳብ ውጭ ነው።

ስለ ቬፑ ራሱ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በጽሑፉ ያሉት ሌሎቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ከልክሏል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ተቀምጦ፣ ሕግ በሚፈቅድበት አገር፣ ባትሪው በሚወጣና በሚገባ ቬፕ ለሚጠቀም ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለውም አንባቢ ይህንኑ ባትሪ በእጅ ባትሪው ውስጥ ያገኘዋልና አይለፈው።

«ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይሻላል»

ተረት ነው፤ ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የበላውም ይኸው ነው። በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር በጥንድ የሚመጣውን፣ ወይም መርካቶ ከእጅ ባትሪ ጋር የሚሰጠውን አገላብጠው ቢያዩ 6800፣ 8800፣ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ሚሊአምፔር ሰዓት የጎተራው ስፋት ነው፤ ምን ያህል እንደሚይዝ። በ18650 ቆርቆሮ ውስጥ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዓመታት ደክመው የደረሱበት 3500 ገደማ ነው። ከዚያ ትንሽ እናልፋለን የሚሉ አዳዲሶች አሉ። 9900 ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተለክተው ሲታዩ እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ 1000 አካባቢ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆነው ይገኛሉ፤ ተከፍተው ሲታዩም ትንሽ ባትሪ ተቀምጦ የቀረው ቦታ በዱቄት መሰል ነገር የተሞላባቸው አሉ።

ማጋለጫው ቀላል ነው፤ ሚዛን። እውነተኛ 18650 አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። እኔ አንዱን 9900 ወርቅ ቤት ይዤ ሄጄ አስመዘንኩት። ባለሱቁ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ሚዛኑ 40 ሳይደርስ ሲቆም አብረን ሳቅን።

አሁን ከዚህ የሚከብደው ነገር ይመጣል። ጎተራው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ለቬፕ ወሳኙ የጎተራው ስፋት ሳይሆን የበሩ ስፋት ነው። በሩ የሚለካው በአምፔር ነው፤ ባትሪው ከመጠን በላይ ሳይግል ያለማቋረጥ ስንት ሊሰጥ እንደሚችል። እና በተለመደው አሠራር ጎተራው ሲሰፋ በሩ ይጠባል፤ ብዙ ለመያዝ የውስጡ ቅብ መወፈር አለበት፣ ቶሎ ለመስጠት ግን ቅቡ መሳሳት አለበት። የፓናሶኒክ ኤንሲአር18650ቢ 3400 ገደማ ይይዛል፤ የሚሰጠው ግን ከ5 እስከ 7 አምፔር ያህል ነው። ለላፕቶፕ ግሩም ነው፤ ለኃይለኛ ቬፕ አደጋ ነው። የሳምሰንግ 25አር የሚይዘው 2500 ብቻ ሲሆን 20 አምፔር ይሰጣል። ሶኒ ቪቲሲ6 3000 ይዞ 15 አምፔር፤ ኤልጂ ኤችጂ2 3000 ይዞ 20 አምፔር። በታይዋኑ ሞሊሴል ፒ26ኤ ላይ ፋብሪካው ያሰፈረው 2600 እና 35 ነው። ልባሱ ላይ «40 አምፔር» የሚል ካዩ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠውን ነው የጻፉልዎ። በጥቂት ሰከንድ ሩጫ የረጅም ርቀት ሯጭ አይመረጥም።

«መሣሪያው ራሱ ይጠብቀኛል»

ግማሽ እውነት። ቺፕ ያለው ቬፕ ኮንታክት ሲፈጠር ወይም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ያቋርጣል። ሜካኒካል የሚባለው ግን ቱቦ፣ ማብሪያና የሚግል ጠመዝማዛ ሽቦ ብቻ ነው፤ ጠባቂ የለውም። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ ጠመዝማዛው 0.15 ኦም ከሆነ 4.2ን ለ0.15 ማካፈል ነው፤ 28 አምፔር። 20 አምፔር በሚሰጥ ባትሪ ላይ ይህን የሚጭን ሰው በራሱ እጅ የራሱን ባትሪ እየጠበሰ ነው።

ባለቺፑም ቢሆን ሰው የማይጠረጥራት ብልሃት አለችው። 80 ዋት ላይ ካስቀመጡት ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ያንኑ 80 ዋት ለማውጣት አምፔሩን ይጨምራል። 80ን ለ3.2 ቮልት ቢያካፍሉ 25 ነው፤ በመንገድ የሚባክነውን ሲጨምሩበት 28 ይጠጋል። ማለትም ባትሪው በጣም የሚጨነቀው ሊያልቅ ሲል ነው። በአንድ ባትሪ ዋቱን ዝቅ አድርጎ መጠቀም ከየትኛውም ውድ ባትሪ የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ዋጋውም ባዶ ነው።

«ስሙ የታወቀ ከሆነ ያው ነው»

ልባሱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም አይደለም። 18650ን ከልቡ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ አይደሉም፤ ሌላው ነጋዴ ከእነርሱ ይገዛና የራሱን ደማቅ ላስቲክ አልብሶ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይሸጣል። አንዳንዴ የሚለብሰው ፋብሪካው በጥራት ዝቅ አድርጎ የለየው፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ነው። የሶኒን ስም ለብሶ አዲስ ነኝ የሚለውንም ልብ ይበሉ፤ ሶኒ የባትሪ ሥራውን በ2017 ለሙራታ ሸጦ ወጥቷል።

ተመጣጣኝ ዋጋ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። በአሜሪካ የታመነ ሻጭ ዘንድ እውነተኛው የሳምሰንግ ወይም የሞሊሴል 18650 ብዙ ጊዜ ከ10 ዶላር አይበልጥም። ደማቅ ልባስ ለብሶ የመጣው ያው ባትሪ ወይም ከዚያ የባሰው ግን ከዚህ በላይ ሊጠየቅበት ይችላል። ርካሹ የተሻለ የሚሆንበት ገበያ እምብዛም አላየሁም፤ ይህ አንዱ ነው። ሻጩ የፋብሪካውን ስምና የሞዴሉን ቁጥር በግልጽ ካልነገረዎ ይለፉት።

አንድ መራራ እውነት ግን አለ። ታላላቆቹ ሠሪዎች፣ ኤልጂና ሳምሰንግ ጭምር፣ ነጠላ ባትሪያቸው ለቬፕ አልተሠራም ብለው አስጠንቅቀዋል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም በጃንዋሪ 2021 ነጠላ 18650 አትግዙ፣ አትጠቀሙ ብሎ አውጇል። ስለዚህ «አስተማማኝ ባትሪ» ስል ከሌላው የተሻለ ማለቴ ነው። ባትሪው የማይወጣ፣ የቻርጅ መከላከያ የተገጠመለት መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

«የሚፈነዳው ሲያጨሱበት ነው»

ሰው የሚፈራው አፉ ላይ እንዳይፈነዳ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በ2018 በፍሎሪዳዋ ሴንት ፒተርስበርግ አንድ ሰው በዚሁ ሞቷል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በ2017 ያወጣው ጥናት ግን ሌላም ነገር ያሳያል። ከ2009 እስከ 2016 ከቆጠራቸው 195 አደጋዎች 61ዱ የደረሱት መሣሪያው ወይም ትርፍ ባትሪው ኪስ ውስጥ ሳለ ነው። ሲጠቀሙበት 60፤ ቻርጅ ላይ 48። ኪስ ከአፍ በአንዲት በለጠ!

ምክንያቱ የባትሪው አካል ነው። ከላይ ካለችው ትንሽ የፖዘቲቭ ጫፍ በቀር ቆርቆሮው በሙሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ያ ስስ ላስቲክና ከጫፉ ሥር ያለች የወረቀት ቀለበት ብቻ ናቸው። ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሁለቱን ካገናኘ ኮንታክት ነው፤ ባትሪው ይግላል፣ ሙቀቱ ሙቀት ይወልዳል፣ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። ላስቲኩ ሲቀደድም እንዲሁ ነው፤ የመሣሪያው ብረት ቆርቆሮውን ይነካል። አዲስ ልባስ በሳንቲም ይገኛል፣ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው። ቆርቆሮው የተጨረገደ ከሆነ ግን አያልብሱት፤ ይጣል። የትርፍ ባትሪ ቦታ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ዋጋው ከማኪያቶ ያንሳል።

ሁለት ባትሪ የሚወስድ ቬፕ ከሆነ ደግሞ ጥማድ በሬ ያስቡ። ብርቱውንና ደካማውን አንድ ቀንበር ላይ ቢያውሉ የሚወድቀው ደካማው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ይግዙ፣ አንድ ሞዴል ይሁኑ፣ አብረው ይሙሉ፣ አብረው ይውጡ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር መጥመድ ደካማውን ከልክ በታች እያደረቀ ወደ አደጋ ይነዳዋል።

«መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፤ ከዚያ እስኪያልቅ ይደረቅ»

ይህ የድሮው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሕግ ነው። ሊቲየም አዮን ይህ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ጨርሶ መድረቅ ይጎዳዋል። 4.2 ቮልት ላይ ራሱን የሚያቆም ቻርጀር፣ 1 አምፔር ገደማ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ይበቃዋል። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ በግማሽ ሙሌት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ።

መንከሱና ፀሐይ ማስመታቱማ? እነዚህን ማስተባበል እንኳ ያስፈራል። መርገጥ፣ መንከስ፣ መቀጥቀጥ የውስጡን ስስ መለያ ቀዶ ባትሪውን በራሱ ሆድ ውስጥ ኮንታክት ያደርገዋል። ፀሐይ ላይ የተተወ መኪና ዳሽቦርድም ያው ምጣድ ነው።

«የሊቲየም እሳት ላይ ውሃ አይፈስስም»

ብዙ የተማረ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ፤ ሰዉ ከንጹህ ሊቲየም ብረት ጋር እያምታታው ነው። በሊቲየም አዮን ባትሪ ላይ ትልቁ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደርም ለበረራ ሠራተኞች ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ብዙ ውሃ እንዲያፈስሱበት ይመክራል። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ቻርጀሩን ከሶኬት ሳይነቅሉ ውሃ አይንኩ፤ ጭሱ መርዝ ነውና፣ ከተባባሰ ወጥቶ በሩን መዝጋት ይቀድማል።

ጉዳዩ እስከ አውሮፕላን የሚደርሰው ለዚህ ነው። «ባትሪና ቬፕ ሻንጣ ውስጥ ይግቡ፣ ከእጅ ይራቁ» የሚለው አስተያየት ተገልብጦ የመጣ ነው። ሁለቱም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀዱት፤ እሳት ቢነሳ ሰው እንዲደርስበት። አንድ 3000 የሚይዝ 18650 ወደ 11 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 ዋት ሰዓቱ ገደብ በብዙ ያንሳል፤ ግን ጫፉ መሸፈን አለበት። ከዋሽንግተኑ ዱለስ ወደ ቦሌ ሲበሩ ታዲያ አውሮፕላኑ ሞልቶ የእጅ ሻንጣዎን በር ላይ ተቀብለው ወደ ታች ሊልኩት ሲሉ፣ ባትሪዎቹን አውጥተው ከነሳጥናቸው ይያዙ።