የተቆረጠ አበባ ይተነፍሳል

አበባ አምርቶ መሸጥ ልማር ብሎ የሚነሳ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይሁን መሐል ሜዳ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማዳበሪያ ነው። ቀጥሎ የፕላስቲክ ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከዚያ ገበያው የት እንዳለ ይጠይቃል። ስለ ባልዲ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ደግሞ የምጀምረው ከባልዲው ነው። በዚህ ሥራ ብዙው ገንዘብ የሚጠፋው ማሳ ላይ አይደለም፤ አበባው ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው።

የማሳውን ሥራ በአጭሩ ልናገር። ጽጌረዳ በጠንካራ ሥር ላይ የተከተበ ችግኝ ሆኖ ይተከላል። ውሃውንና ማዳበሪያውን በጠብታ መስኖ አንድ ላይ ይጠጣል። መጀመሪያ የሚያወጣቸው ቀጫጭን ቀንበጦች አይቆረጡም፤ ወደ ጎን ተጎንብሰው በቅጠላቸው ተክሉን ይመግባሉ። ለገበያ የሚሆነው አበባ ከሥር በሚወጣው ወፍራም ቀንበጥ ላይ ይመጣል። ትጉህ ሰው ይህን በአንድ ወቅት ሥራ ይለምደዋል።

ታሪኩም ሩቅ አይደለም። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች አበባ ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። የግል ባለሀብት የገባበት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የአምራችና ላኪዎቹ ማኅበር በ2002 ተቋቋመ፤ በ2005 ሼር ኢትዮጵያ የተባለው የአበባ እርሻ ዝዋይ ላይ ሲከፈት ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። ዛሬ ከኬንያ ቀጥለን በአፍሪካ ሁለተኛ ላኪዎች ነን። ስለ ዝዋይ ሐይቅ ውሃ፣ ስለ ኬሚካሉ፣ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ የሚነሳው ክርክር ተገቢ ክርክር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሠራር ደንብ አውጥቷል፤ ተማሪ የሆነ ሰው ከችግኝ ዋጋ ዝርዝር በፊት እሱን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ወደ ከፍታው ልምጣ። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ጽጌረዳ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዛቱም ደስ ይላል፤ የአበባው ራስ ግን ያንሳል፣ ዘንጉም ያጥራል። ሆለታና ሰበታ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋሉ፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀንበጡ ሳይቸኩል ያድጋል፣ ራሱ ይወፍራል፣ ዘንጉ ይረዝማል። ጽጌረዳ የሚሸጠው በሴንቲ ሜትር እየተለካ ነውና ባለ 40 እና ባለ 80 አንድ ዋጋ የላቸውም። ብርዱ ጊዜ ይወስዳል፣ በምትኩ ርዝመትና ውፍረት ይሰጣል።

የመንዝ ሰው ግን «በዚህ ቁር ምን አበባ አለ?» ይላል። ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ያ ሜዳ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም። በዱር የሚበቅለው ብቸኛው የአገራችን ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ የደጋ ልጅ ነው። ቢጫ የሚያብበው አሜጃ ሃይፐሪከም ከሚባለው ወገን ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በእቅፍ አበባ መካከል ጣል የሚደረገው ቀይ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ የዚሁ የአሜጃ የሥጋ ዘመድ ነው፣ በአገራችን እርሻዎችም ለውጭ ገበያ ይመረታል። እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ቀይና ብርቱካንማ የሚያብበውም፣ ፈረንጅ በጓሮው የሚንከባከበው የኒፎፊያ ወገን ነው። (ይህን ስል ግን ከጓሳ ነቅላችሁ ትከሉ ማለቴ አይደለም። ያ ሜዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ በተራና በፈቃድ እየታጨደ ለእኛ የደረሰ ነው። አበባ ለመነገድ ብሎ እዚያ ዶማ ይዞ የሚገባ ሰው ሥራውን በስርቆት ጀመረ ማለት ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው አበባ ሲቆረጥ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው መበስበስ ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህም እንደ ማገዶ ይሸከመዋል። የተቆረጠ አበባ ግን ሕያው ነው። ይተነፍሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እንቡጡን ይከፍታል። የጎደለው ሥሩ ነው። ስንቁ በዘንጉና በቅጠሉ ውስጥ ያለው ስኳር ብቻ ነው፤ በተነፈሰ ቁጥር ከዚያ ላይ ያቃጥላል፣ ሙቀትም ያወጣል። አካባቢው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የትንፋሹ ፍጥነት 2 እጥፍ፣ አንዳንዴም 3 እጥፍ ይሆናል። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ጽጌረዳ በቀዝቃዛ ክፍል ብዙ ሰዓት ሊበቃው የሚችለውን ስንቅ ጨርሶ ይመለሳል። ሲያዩት ግን ምንም አልሆነም። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ገዢው ቤት፣ ማስቀመጫው ውስጥ ነው።

ካርቶን ውስጥ ሲታሸግ ነገሩ ይብሳል። ሳይደርቅ ጎተራ የገባ ገብስ ከመሐል እንደሚግል፣ ሳይቀዘቅዝ የታሸገ አበባም በራሱ ትንፋሽ ከውስጥ ይግላል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪናም ቢጫንበት አይድንም፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ይበጃል እንጂ በካርቶን የታፈነ ትኩስ አበባን የማቀዝቀዝ አቅም የለውም። ስለዚህ ነው ትልልቆቹ እርሻዎች ጽጌረዳውን በተቆረጠ ደቂቃዎች ውስጥ ባልዲ ውስጥ የሚያቆሙት፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ክፍል አሳድረው በዚያው ቅዝቃዜ ቦሌ ድረስ የሚያደርሱት። ከዚያ ሊየዥ ወይም አምስተርዳም። አልስሜር በሚገኘው የሐራጅ ገበያ ዋጋው ከላይ ጀምሮ በፍጥነት ይወርዳል፤ ቁልፉን ቀድሞ የተጫነ ነጋዴ ይገዛል። የአምራቹን ስም ያውቀዋልና፣ ባለፈው ሳምንት አንገቱን የደፋ አበባ የላከ አምራች ዋጋው እስኪወርድለት ይጠብቀዋል።

ያ አንገት መድፋት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰው «ጠማው» ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። ውሃ ሞልቶ እያለ ነው የተጠማው። በዘንጉ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች በሁለት ነገር ይዘጋሉ፤ ሲቆረጥ በሚገባ አየር፣ አለዚያም በባልዲው ውሃ ውስጥ በሚራቡ ባክቴሪያዎች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባልዲው በየቀኑ በሳሙናና በበረኪና ይታጠብ። ውሃ ውስጥ የሚገባው የዘንግ ክፍል ላይ አንድም ቅጠል አይቅር። ማስቀመጫ ውስጥ ሲገባ ከታች 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በስለታም መቀስ እንደገና ይቆረጥ። ቤት ውስጥ ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ትንሽ ስኳር፣ የሎሚ ጠብታና በጣም ጥቂት በረኪና ውሃው ላይ ይጨመር። ስኳሩ ስንቅ ነው፣ ሎሚው ውሃው በቧንቧው በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይከላከላል። ስኳር ብቻውን ጨምሮ በረኪናውን የሚተው ሰው ባክቴሪያውን ቀለበ።

አንድ ጥር፣ ለሰርግ የመጣ ካርኔሽን ከሙዝ ካርቶን ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲወርድ አየሁ። እንቡጡ ሁሉ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ነበር፤ ሰዉ ብርዱ ነው የጎዳው አለ። ብርዱ አልነበረም። የሚበስል ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ካርኔሽን ደግሞ ያን ጋዝ ጥቂት እንኳ አይችልም፣ ቀኑ ሳይደርስ ያረጃል። የመኪና ጭስም ይህን ጋዝ ይይዛል። እባካችሁ፣ አበባና ፍራፍሬ አንድ ላይ አትጫኑ፣ አንድ ክፍል ውስጥም አታሳድሩ።

ይህን ዕውቀት ግማሹን እናቶቻችን ያውቁታል። መስከረም ላይ መሐል ሜዳ ገበያ አንዲት እናት አደይ አበባቸውን በረጠበ ጨርቅ ሸፍነው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አጠገባቸው ያሉት ልጆች የያዙት ጠውልጓል።

«እማማ፣ የእርስዎ እንዴት እንዲህ ቆየ?» አልኳቸው።

«ፀሐይ ሳይወጣ ነዋ የቆረጥኩት፣ የኔ ልጅ። ፀሐይ ካየው ወዲያ ምን ይተርፈዋል?»

ከዚህ የበለጠ መምህር አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ካርቶን ውስጥ ለሚታሸግ አበባ ጤዛው ከላዩ መርገፍ አለበት። እርጥብ ሆኖ ከታሸገ ቦትራይተስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ መንገድ ላይ ይወርሰዋል።

ጊዜውም ሊታሰብ ይገባል። የደጋችን አበባ የሚያብበው ቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ በምትለው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ነው። የውጭው ገበያ ደግሞ አበባ አበባ የሚለው ለየካቲት 7 የፍቅረኞች ቀን ነው። አምራቹ ወደ ኋላ ቆጥሮ ተክሉን በኅዳር አካባቢ ይገርዘዋል፤ በሞቃት ቦታ ዘግይቶ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ቀድሞ። መንዝ ላይ ያ ወቅት ውርጭ የሚወርድበት ነው። የተቆረጠውን የሚያቆየው ብርድ በሥሩ የቆመውን ያቃጥላል፤ ይህን ለተማሪ ሳልደብቅ እነግራለሁ። ፕላስቲክ ቤት ውስጥም ቢሆን ሌሊት ጣሪያው ላይ የሚያጤዘው ውሃ በእንቡጡ ላይ እየተንጠባጠበ ሻጋታውን ይጠራል፤ ማለዳ አየር ማስገባት ግዴታ ነው።

ስለዚህ 3,000 ሜትር ላይ በጽጌረዳ አትጀምሩ። ጽጌረዳ ለሚወድ ሰው፣ ውሃ እስካለ ድረስ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው የመርሐቤቴ ወይናደጋ ይሻለዋል። ላይኛው ደጋ ላይ በትንሽ መሬት፣ የበልጉን ዝናብ እየተጠቀሙ ሃይፐሪከምን፣ ኤሪንጂየምን፣ ስታቲስን መሞከር ይቻላል። ስታቲስ ደርቆም ቀለሙን ይይዛልና ገበያ ያመለጠው ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። የመጀመሪያው ገዢ አልስሜር ሳይሆን ደብረ ብርሃን ይሁን፤ የጥር ሰርግ፣ ሆቴል፣ ምረቃ።

ማቀዝቀዣውስ? እኔ በጣም የምወደው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው። ሌሊት በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ቅዝቃዜው ይገባል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይዘጋል፣ ወለሉ በውሃ ይርሳል። የፋብሪካ ማቀዝቀዣን አይተካም፤ ቆላ ያለ ጀማሪ ግን ይህን እንኳ ያለ ጄኔሬተር አያገኝም። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ስቀሉበትና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዝግቡ። ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሚይዝ ሳታውቁ አንድ ችግኝ አትግዙ።

ከዚያ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ማታ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይቆረጣል፣ እዚያው መስመሩ ላይ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ይቆማል፣ የድንጋይ ቤቱ ውስጥ ውሃ እየጠጣ ያድራል፣ ለሊት ታስሮ ይታሸጋል፣ መኪናው 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሾፌሩ አርፍዶ ፀሐይ ከወጣ ጭነቱ ይመለስ፤ በማግስቱ ለሊት መላክ ይሻላል።