መሪ ሲጠመዘዝ የሚሰማው ድምፅ፦ ከየት ይመጣል? ምንስ ይደረጋል?

ከመኪና ማቆሚያ ለመውጣት መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ነዳጅ ሲሰጡ ከፊት ጎማ አካባቢ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መሪው ሲቃና ድምፁም ይጠፋል። ብዙ አሽከርካሪ ታዲያ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። በተለይ በታክሲና በመሰል ሥራ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን መኪና ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን በመሆኑ ምርመራው ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ድምፁን በጊዜው ለይቶ ማወቅ ከብዙ ወጪ ያድናል፤ አንዳንዴም ሕይወትን ይታደጋል።

በአሁኑ ዘመን አብዛኞቹ አነስተኛ የቤት መኪኖች የሞተራቸውን ኃይል ወደ መሬት የሚያስተላልፉት በፊት ጎማዎቻቸው ነው። የፊት ጎማ እንግዲህ ሦስት ሥራ አለበት፦ ይሽከረከራል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይታጠፋል፣ እንደ መንገዱም ከፍና ዝቅ ይላል። ከካምቢዮ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም እየተሽከረከረ መታጠፍ ይኖርበታል። ቀደም ሲል የነበረው ባለ መስቀል መጋጠሚያ ሲታጠፍ ፍጥነቱ አንድ ወጥ አይሆንም ነበር፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህም መሪውን ያንቀጠቅጣል።

መፍትሔው የተገኘው በ1920ዎቹ ነው። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ ስድስት የብረት ኳሶች በተጠማዘዙ ቦዮች ውስጥ የሚንሸራተቱበትን መጋጠሚያ ፈለሰፈ። ኳሶቹ ዘንጉ የታጠፈበትን ማዕዘን ምንጊዜም እኩል ለሁለት ከፍለው ስለሚቀመጡ ጎማው በታጠፈበትም ሁኔታ በወጥ ፍጥነት ይሽከረከራል። በ1959 ለገበያ የቀረበችው ሚኒ የተባለችው የእንግሊዝ መኪና ይህ ዓይነቱ መጋጠሚያ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጋለች። ዛሬ መካኒኮች «ሲቪ ጆይንት» ይሉታል።

የዚህ መጋጠሚያ ሕይወት ያለው እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈው የላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ግራሶውን ይዞ ያቆያል፤ ውኃና አሸዋ እንዳይገባም ይከላከላል። በእርጅና፣ በሙቀት ወይም በጠጠር ምት ሲቀደድ ግን የዘንጉ ሽክርክሪት ግራሶውን ወደ ውጭ ይረጨዋል፤ በምትኩ ገብቶ የሚቀመጠው አሸዋ ቦዮቹን ይቦረቡራል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ኳሶቹ እምብዛም ስለማይንሸራተቱ ጉዳቱ አይሰማም። በጠባብ ኩርባ ላይ ግን በተበሉት ቦዮች ላይ ሰፊ ርቀት ይመላለሳሉ፤ ያ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅም ይወጣል።

ድምፁን እንዴት እንለያለን?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፁ የሚሰማው መኪናው ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ?» የሚለው ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ወደፊት፣ ቀጥሎም ወደኋላ ይንዱ፤ በሌላውም አቅጣጫ ይድገሙት። በዙሪቱ መጠን የሚፈጥንና የሚዘገይ «ቀጭ ቀጭ» ከሆነ የሚጠረጠረው ሲቪ ጆይንት ነው። ከጎማው ጀርባና ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲጠመዘዝ የሚያቃስት ከሆነ የመሪ ዘይት ጎድሎ ወይም አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የሚጮኸው በሲጥታ ከሆነ ቺንጋው ላልቷል ወይም አርጅቷል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘይት የለውም። በሩጫ ላይ የሚሰማ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚበረታ ጉምጉምታ ብዙውን ጊዜ የቀኙን ጎማ ኩሽኔታ ያመለክታል፤ መታጠፍ ክብደቱን ወደ ቀኝ ያዛውራልና። መሪው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብቻ የሚሰማ መፋተግ ደግሞ ከልክ በላይ የሰፋ ጎማ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሰጋው መሪ ሲዞር ወይም ጉብታ ሲታለፍ «ቋ» የሚለው ድምፅ ነው። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የኳስ መጋጠሚያ ካለቀ ሊላቀቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ጎን ይወድቃል፣ መሪም አይታዘዝም። እንዲህ ያለ መኪና ሳይመረመር ወደ ፈጣን መንገድ መውጣት የለበትም።

ጥገናው

ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልጀመረ መጋጠሚያውን አጥቦ፣ ለዚሁ የተሠራውን ግራሶ ሞልቶ አዲስ ሽፋን ማልበስ ይበቃል። ድምፅ ከጀመረ ግን የተበላው ብረት አይመለስም፤ ግራሶ መጨመርም ቀን ከመግዛት አያልፍም። ብዙ ጋራዦች በዚህ ጊዜ ዘንጉን በሙሉ ይለውጣሉ። የመሪ ዘይት ሲጎድል በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ፤ የጎደለበትንም ምክንያት ያስፈትሹ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ።

ቋንቋው በማይመቸን አገር ከመካኒክ ጋር መግባባት ይከብዳል። ስለዚህ ድምፁን በስልክ ይቅረጹት፤ መኪናው ቆሞ ወይስ ሲሄድ፣ ወደየትኛው አቅጣጫ ሲታጠፍ፣ ነዳጅ ሲሰጡ ወይስ ሲለቁ እንደሚሰማ ጽፈው ይያዙ። የሚለወጠውን ዕቃ በዓይንዎ ለማየትም ይጠይቁ። የተቀደደ ሽፋን ከተቦረቦረ ብረት ጋር እኩል ዋጋ የለውም፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አግባብ አይከፍልም።