የሦስተኛ ዲግሪን ወጪ ማን ይሸፍናል?

በአሜሪካ በምህንድስናና በሳይንስ ዘርፍ ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስቡ ብዙዎች ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ከስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ነው። ይሁንና በእነዚህ ዘርፎች የብዙው ተማሪ ወጪ የሚሸፈነው ፕሮፌሰሩ ለምርምር ባገኘው በጀት ነው። ተማሪው በምርምር ረዳትነት ይቀጠራል፤ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ ለኑሮውም ደመወዝ ያገኛል።

ስለሆነም አመልካቹ ከዩኒቨርሲቲው ዝና በፊት የፕሮፌሰሩን ካዝና ቢያጣራ ይበጀዋል። ነገሩ ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ለማን፣ ለየትኛው ምርምር፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሰጠና ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የድረ ገጽ መዝገብ ያሳውቃል። ድጋፉ በቅርቡ የተጀመረ ከሆነ ፕሮፌሰሩ ሰው ሊፈልግ ይችላል፤ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ከቀሩትና ሌላ ከሌለው ግን ምንም ያህል ጎበዝ ተማሪ ቢመጣለት ለመቅጠር ይቸገራል። የሚጻፍለት ደብዳቤም ያንኑ ምርምር የሚጠቅስ አጭር ደብዳቤ ይሁን፤ ለሃምሳ ሰው የተላከ ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል።

ግሪን ካርድ ላላቸው ሌላም በር አለ። የዚሁ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ቋሚ ነዋሪዎችንም ያካትታል፤ በዓመት 37,000 ዶላር ለ3 ዓመት ይከፍላል። የሚያመለክቱት ግን በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ያሉ ብቻ ስለሆኑ የዘገየ ያመልጠዋል።

የመግቢያ ደብዳቤ ሲመጣ የገንዘቡ መጠንና የሚቆይበት ዘመን በጽሑፍ መስፈሩን ማረጋገጥ ያሻል። መቻኮል አያስፈልግም፤ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም።