ውሃ ብቻውን ለምን አያድንም?

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን እናቱ ውሃ አፍልታና አቀዝቅዛ ደጋግማ ታጠጣዋለች። ልጁ ግን እየደከመ፣ ዓይኑ እየጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ እየሰረጎደ ይሄዳል። ጎረቤት «ውሃ ከሰጠሽው ይብስበታል» ብሎ ይመክራታል። ምክሩ አደገኛ ነው፣ ልጁ ፈሳሽ የሚያስፈልገው አሁን ነውና። እናትየው ያየችው ነገር ግን እውነት ነው፤ ውሃው ሆድ ገብቷል፣ ሰውነት ግን በሚገባ አልያዘውም። ምክንያቱ ጨው ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ወንድ በሰውነቱ ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውሃ አለው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ በደም ሥሮች የሚዘዋወረው የደም ውሃ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከሕዋስ ውጭ ባለው ፈሳሽ የሚበዛው ሶዲየም ነው፤ ወጥ ውስጥ ከምንጨምረው ጨው የምናገኘው ማለት ነው። በሕዋስ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ከድንች፣ ከሙዝና ከባቄላ የምናገኘው ፖታሲየም ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን ፓምፖች በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም አስወጥተው ሁለት ፖታሲየም ያስገባሉ፤ ሌት ተቀን አያርፉም። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ልብም ምቱን የሚጠብቀው በዚህ ልዩነት ነው። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት የንስ ስኮው እ.ኤ.አ. በ1957 የሸርጣን ነርቭ ሲመረምር ይህን ፓምፕ አግኝቶ፣ ከ40 ዓመት በኋላ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ውሃ ግን የራሱ ፓምፕ የለውም። ጨው በሄደበት ይከተላል፤ ጨው ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

በጤና ጊዜ ይህን ሚዛን የሚጠብቁት በዋናነት አንጎልና ኩላሊት ናቸው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው፣ የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የደም ጨውነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ከፍ ሲል አንጎል ይሰማዋል። ወዲያው ይጠማናል፤ ኩላሊትም ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞን ይለቀቃል። በሙቀት ስንውል ሽንታችን የሚያንሰውና ቀለሙ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። የፈሳሹ መጠን ራሱ ሲጎድል ደግሞ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አልዶስትሮን የተባለ ሆርሞን ይመነጫል፤ ሶዲየም በሽንት እንዳይባክን ያደርጋል።

ውሃ በዛ ማለትም ደኅና ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ከሮጡት መካከል 488 ሰዎች ደማቸው ሲመረመር 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። ችግሩ ይበልጥ የታየው በሩጫው ላይ ብዙ ጠጥተው ክብደት በጨመሩት ላይ ነበር። ሶዲየም በጣም ሲወርድ ውሃ ወደ ሕዋሳት ይገባል፣ አንጎልም ያብጣል።

ወደ ተቅማጡ እንመለስ። ወደ ትልቅ ሰው ትንሹ አንጀት በየቀኑ 8 ወይም 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባል። ከዚህ የጠጣነው ሁለት ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ምራቅ፣ የጨጓራና የቆሽት ፈሳሽ፣ ሐሞትና ራሱ አንጀት የሚያመነጨው ነው። በሰገራ የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። በኮሌራ ጊዜ ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። የባክቴሪያው መርዝ አንጀት ክሎራይድ እንዲያፈስ ያስገድደዋል፤ ሶዲየምና ውሃ ተከትለው ይፈስሳሉ። በጠናበት ትልቅ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ ጨው ለከሰረ ሰው ባዶ ውሃ ምን ያህል ሊረዳው ይችላል?

ነገር ግን መርዙ የማይዘጋው አንድ በር አለ። በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ይህ በር የሚከፈተው ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ነው። አንዱ ብቻውን ቢመጣ አይከፈትም። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። ይህን ጥምረት ሳይንቲስቱ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቀረበ። በ1968 ዳካ ውስጥ ሐኪሞቹ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የኮሌራ ሕሙማንን በሚጠጣ የጨውና የግሉኮስ ውህድ አከሙ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ሲሰደዱ፣ በቦንጋኦን መጠለያ ኮሌራ ገባ። እኛ ሁሉንም «ግሉኮስ» የምንለው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚጠጣውን ውህድ በገፍ አዘጋጅቶ ቤተሰቦች ራሳቸው ሕሙማኑን እንዲያጠጡ አደረገ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የሕክምና ታሪክ ጥቂት ነው።

በየጤና ኬላው የምናገኘው ሕይወት አድን ቅመም፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ ያው ውህድ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ በተሠራው ፓኬት ውስጥ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለ። ልኩ የተመጠነ ስለሆነ እጅ ሊያበዛም ሊያሳንስም አይገባም። ይህን ፓኬት ሙሉውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ የበጠበጠ ሰው በጣም ጨዋማ ውህድ አገኘ፤ ልጁን ይጎዳዋል። በሁለት ሊትር የበጠበጠ ደግሞ ጨውና ስኳሩን አሳነሰ። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን አይቶ፣ ሙሉውን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ደፍቶ ሌላ ማዘጋጀት ነው። ቅመሙ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይተካዋል፤ ፖታሲየም ግን የለውም። ለስላሳ መጠጥ አይሆንም። ስኳሩ በዝቶ ሶዲየሙ አንሷል፤ ተቅማጡን ያባብሳል።

ብዙ ቤተሰብ ቅመሙን በመጀመሪያው ቀን የሚተወው ተቅማጡ ስላልቆመ ነው። ቅመሙ የወጣውን ይተካል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ይሰጠዋል። ካስታወከው አሥር ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም እንዲሁ። አብሮ የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም ጤና ባለሙያው ያዘዘው ከ10 እስከ 14 ቀን መድረስ አለበት።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። መዋጥ የሚችል ከሆነም በመንገድ ላይ ቅመሙን በማንኪያ መስጠቱ ይቀጥላል።